መነጽሬ ጉም ሲለብስ

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ከምትታወቅ ከተማ የወጣ ሰው ስለ ሙቀት ሊያወራችሁ መሆኑን አስቀድሜ ልናዘዝ ብዬ ነው። እኛ ዘንድ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ይጥላል። ጎህ ሲቀድ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይጠብቅሃል፤ ስትረግጠው ይንኮሻኮሻል። ለሩጫ ስንወጣ ካልሲ በእጃችን እናጠልቅ ነበር። ጓንት ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነበር፣ እሱም የአባቱን የሥራ ጓንት ደብቆ እያመጣ። ስለ ሙቀት የማውቀው የእናቴን ሕግ ብቻ ነው፤ በልተህ ወዲያው ፀሐይ ላይ አትውጣ፣ ምች ይመታሃል። ከተመታህ ደግሞ ዳማከሴ አለ። አለቀ።

አሁን የምኖረው ዱባይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ዴይራ ውስጥ፣ ሆር አል አንዝ ሰፈር፣ ለአራት በምንጋራው ቤድ ስፔስ። ሥራዬ ወደ ሀገር ቤት ዕቃ የሚላክበት ካርጎ ቤት ነው፤ ካርቶን አስራለሁ፣ ሻንጣ እመዝናለሁ፣ “እህቴ፣ ሁለት ኪሎ አልፏል” እያልኩ ቀኑን ሙሉ እከራከራለሁ። ከሥራ በፊት እሮጣለሁ። ሯጭ ነኝ አልልም፤ የሚሮጥ ሰው ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ገና ከሀገር ቤት የመጣ አንድ ወጣት ካርጎ ቤታችን ገብቶ፣ የስፖርት ጫማዬን አየና፣ “ወንድሜ፣ እዚህ ሀገር በስንት ዲግሪ ነው ሩጫ የሚቆመው?” አለኝ። ወረፋ ስለነበር በወጉ ሳልመልስለት ሄደ። እንዲህ በአንድ ቁጥር የሚመለስ ጥያቄ ቢሆን ኖሮ ወረፋም ቢኖር እመልስለት ነበር።

እኔም እንደሱ ነበርኩ። ዲግሪ ነበር የማየው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፣ በሐምሌ አጋማሽ። ቀን ላይ 43 እና 44 ይላል። ያኔ እንደማይሮጥ ማንም ያውቃል፤ እኔም ሞኝ አይደለሁም ብዬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ወጣሁ። ያሳደገኝ ምክር ያው ነው፤ ማለዳ ውጣ፣ ፀሐይ ሳትቀድምህ ጨርስ። ስልኬ 32 ዲግሪ ይላል። 32 ምን አላት? አዋሽና መተሐራ በቀን 32 ቢሆን ሰው ቡና ይጠጣበታል። በአል ማምዛር ባሕር ዳር አድርጌ ልዞርና 10 ኪሎ ሜትር ልጨርስ ነበር ሐሳቤ።

ገና ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጫማዬ ውስጥ ውኃ መንቦጫረቅ ጀመረ። ዝናብ የለም፣ ኩሬ አልረገጥኩም። ላቤ ነው። በእግሬ ቁልቁል ወርዶ ጫማዬ ውስጥ ተጠራቅሞ ነው። ያኔ እንኳ “ላብ ጥሩ ነው፣ ያበርዳል” እያልኩ ሄድኩ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ በረደኝ። አዎ፣ በረደኝ። የክንዴ ፀጉር ቆመ፣ ጀርባዬን ብርድ ብርድ አለኝ። ለአንድ ዓመት ብርድ የናፈቀው የደብረ ብርሃን ልጅ ምን ያስባል? ደስ አለኝ። ተላመድኩት፣ ሰውነቴ አገሩን ለመደው ብዬ ፍጥነት ጨመርኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው በቁርጥራጭ ነው የሚታወሰኝ። የመንገዱ መብራት አንዱ ሁለት ሲሆን፤ ሁልጊዜ የምታጠፍበት መታጠፊያ የት እንደሆነ ሲጠፋብኝ። ሰው ከሱብሂ ሶላት እየወጣ ነበር። አንድ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው “ኢጅሊስ፣ ኢጅሊስ” አሉኝ። ቁጭ አልኩ። መስጊዱ ደጃፍ ላይ፣ እዚህ አገር በየመስጊዱ በር እንደሚገኘው፣ ቀዝቃዛ ውኃ የሚቀዳበት ማቀዝቀዣ አለ። ሽማግሌው የራሳቸውን ሻሽ አውልቀው በውኃው ነክረው አንገቴ ላይ ጣሉት። ከዚያ በጣሳ እየቀዱ ራሴ ላይ አፈሰሱት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ብዙ ጊዜ። እንደ ጠበል። ስማቸውን አልጠየቅኩም፤ ሻሻቸውንም ይዤው ነው የሄድኩት። በሳምንቱ አጥቤ ተኩሼ ይዤላቸው ብሄድ አላገኘኋቸውም፤ አሁንም ሳጥኔ ውስጥ አለ።

ሙቀት ውስጥ ብርድ ብርድ ማለት ሰውነት መላመዱን ሳይሆን መሸነፍ መጀመሩን እንደሚናገር ኋላ ነው የተማርኩት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የፀጉር መቆም፣ ከዚያ መዘላበድ። የሚሮጥ ሰው ያለበትን ካላወቀና መልሱ ከተምታታ፣ የውስጥ ሙቀቱም ከ40 ካለፈ፣ ነገሩ ጥላ ሥር አረፍ በል የሚባልበት ደረጃ አልፏል። አምቡላንስ እየተጠራ፣ እስኪደርስ ሳይጠበቅ ያንን ሰው በቀዝቃዛ ውኃ መንከር ነው፤ በረዶም ከተገኘ በረዶ። እኔ እዚያ ጫፍ አልደረስኩም፤ አንድ ኪሎ ሜትር ብጨምር ግን እንጃ።

በዚያ ቀን እናቴ በኢሞ ደወለች። “ፊትህ ምነው እንዲህ ገረጣ?” አለች። “እንቅልፍ ነው እማዬ” አልኳት። “ምች ነው!” አለች ወዲያው፣ አገር አቋርጣ። ሳቅኩ እንጂ አልተሳሳተችም። ስሙን እንጂ በሽታውን ማን አጣው።

ከሁለት ወር በኋላ ዶሃ ላይ የዓለም ሻምፒዮና ነበር። የሴቶቹ ማራቶን መስከረም 27 ቀን 2019 በፈረንጆቹ፣ ሙቀቱን ለመሸሽ እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው የተጀመረው። አራታችንም አልጋ ላይ ተደርድረን በአንድ ስልክ እናይ ነበር። ሙቀቱ 32 ገደማ፣ እርጥበቱ ከ70 በመቶ በላይ። ቁጥሩን ሳይ ሆዴ ተገለበጠ፤ የእኔው ሌሊት ነበር፣ ያው ባሕረ ሰላጤ፣ ያው 32። ከተነሱት 68 ሴቶች 28ቱ አልጨረሱም። ከኛ ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀ፣ ሹሬ ደምሴ፣ ሦስቱም አቋረጡ። እነዚህ የዓለም ምርጦች ናቸው። ያሸነፈችው ኬንያዊት ሩት ቼፕንጌቲች በ2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ነው የገባችው፤ እሷ በዚያው ዓመት ዱባይ ላይ፣ በጥር ብርድ፣ 2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ሮጣ ነበር። አንድ ሰው ናት፣ አንድ ዓመት ነው፣ ልዩነቱ ከሩብ ሰዓት በላይ ነው። እኔ ለብቻዬ ተሸንፌ የከረምኩ መስሎኝ ነበር፤ ያን ሌሊት ግን አፍሬ የደበቅኩትን ነገር ለክፍሌ ልጆች ነገርኳቸው።

ከሳምንት በኋላ በወንዶቹ ሌሊቱ ቀለል ብሎ ነበርና ሌሊሳ ዴሲሳ አንደኛ፣ ሞስነት ገረመው ሁለተኛ ሆኑልን። ክፍላችን ውስጥ የተነሳውን ጩኸት ጎረቤት ግድግዳ መትቶ ነው ያስቆመው። ያው ሌሊሳ በ2021 ሳፖሮ ላይ በኦሊምፒኩ ማራቶን አልጨረሰም፤ ሦስቱም ወንዶቻችን አቋረጡ። ውድድሩ ከቶኪዮ ወደ ሰሜን የተወሰደው ሙቀት ተፈርቶ ነበር፤ የሴቶቹ ደግሞ በአንድ ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲጀመር በዋዜማው ማታ ተወስኗል። ዲግሪው በወንዶቹ ቀን 30 እንኳ አልሞላም ነበር። ወበቅ ግን ነበረ።

ወበቅ። ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ዱባይ ነው የነገረኝ። ሙቀት አንድ ነገር ነው፣ ወበቅ ሌላ። ለዚያ ወጣት እንዲህ ብዬ ነበር ማስረዳት የምፈልገው፤ ክረምት ላይ ልብስ አጥበህ አስጥተህ ታውቃለህ? ሐምሌ ላይ ደብረ ብርሃን የታጠበ ጅንስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ፣ ሦስት ቀን ገብቶ፣ በመጨረሻ እርጥቡን ነው የሚለበሰው። ታኅሣሥ ላይ ያው ጅንስ፣ ብርዱ አጥንት እየሰበረ እንኳ፣ እስከ ከሰዓት ደርቆ ይቆማል። ያደረቀው ሙቀት አይደለም፤ አየሩ ውኃ ለመቀበል ቦታ ስላለው ነው። ላብም የተሰጣ ልብስ ነው። የሚያቀዘቅዘን መውጣቱ ሳይሆን መድረቁ ነው። ጡንቻችን ከምንበላው ጉልበት ሩብ የሚያህለውን እንኳ ወደ እርምጃ አይለውጥም፤ ሌላው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ሰውነታችን ውስጥ ይቀራል። ያንን ሙቀት ይዞ የሚሄደው የሚደርቅ ላብ ነው። ጫማዬ ውስጥ የተጠራቀመው ላብ ምንም አልጠቀመኝም፤ ውኃዬን ወስዶ ሙቀቱን ተወልኝ።

ስልክ ላይ ያለው የእርጥበት በመቶኛም ያሳስታል። ሌሊት 32 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 80 በመቶ ይላል፤ ቀትር ላይ 42 ዲግሪ ሆኖ 45 በመቶ ይላል። ሰው ሲያየው ቀትር ደረቅ፣ ሌሊት እርጥብ ይመስለዋል። አየሩ ውስጥ ያለው ውኃ ግን በሁለቱም ያው ነው። አየር ሲሞቅ ጆንያው ሰፋ ማለት ነው፤ እህሉ ሳይቀንስ ጆንያው ጎደለ። ስለዚህ እኔ የማየው ሌላ ቁጥር ነው፤ የጤዛ ነጥብ። አየሩ እስከ ስንት ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ነው የያዘውን ውኃ መያዝ አቅቶት ጤዛ የሚጥለው? የሁለቱም ሰዓት መልስ 28 ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ቁጥር ከ10 ብዙ አያልፍም፤ ጤዛ የሚጥለው ብርዱ ወርዶ ሲያገኘው ነው። እዚህ ነሐሴና መስከረም ላይ 29 ያየሁበት ሌሊት አለ። የሰው ቆዳ 35 ገደማ ነው። 29 የሆነ አየር 35 ከሆነ ቆዳ ላይ ስንት ላብ ይቀበላል? የሞላ አውቶቡስ ስንት ሰው ይጭናል?

የውድድር አዘጋጆች ከዚህም የተሻለ መለኪያ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአሜሪካ ማሪን ምልምል ወታደሮች ሥልጠና ላይ በሙቀት ሲወድቁ የተሠራ ስሌት ነው። በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ቴርሞሜትር፣ ፀሐይ የምታግለው ጥቁር ሉል፣ ተራው ቴርሞሜትር፣ ሦስቱ ተደምረው። ከአሥሩ ሰባቱን ድርሻ የሚወስደው እርጥቡ ነው። ተራው፣ ሁላችን የምናየው ዲግሪ፣ ከአሥር አንድ ብቻ። ይህን ሳነብ ለሐምሌው 32 ይቅርታ ያደረግኩለት ያህል ሆነ።

አሁን ወደ መነጽሬ ልምጣ።

መነጽር አደርጋለሁ፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ። ዱባይ በበጋ ከቤት ስትወጣ መነጽር ጉም ይለብሳል፤ መነጽር ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ እየጠረግኩ ተራገምኩበት። ከዚያ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቆሜ ገባኝ። መነጽሬ ሌሊቱን ክፍል ውስጥ ሲያድር ኤሲው 24 ላይ ነው፤ ስለዚህ መስታወቱም 24 ነው። ወደ ውጭ ይዤው ስወጣ ጤዛ ከጣለበት፣ የውጭው የጤዛ ነጥብ ከ24 በላይ ነው ማለት ነው። ካልጣለበት በታች። አሥራ አምስት ድርሃም የሚያወጣ መነጽር የአየር ትንበያ ጣቢያ ሆነልኝ። ይበልጥ የሚጠቅመው ደግሞ ጉሙ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ መስታወቱ ቀስ እያለ ሞቆ የጤዛውን ነጥብ ሲያልፍ ይጠራል። ነጥቡ 25 ወይም 26 ከሆነ ቶሎ ይጠራል። 29 ከሆነ እየቆጠርኩ መቶ ይሞላል፣ ጉሙ አይነሳም።

ያ ነው ውሳኔዬ። ጉም ካልለበሰ እንደልቤ። ለብሶ ሃምሳ ሳልቆጥር ከጠራ እወጣለሁ፣ ግን ሰዓት አላይም፤ ማለት ፍጥነት አላይም፣ የልብ ምት ብቻ። መቶ ቆጥሬ ካልጠራ ጫማዬን አወልቃለሁ። ሳይንስ ነው አልልም፣ ከስልኩ ጋር ሳስተያየው ግን ብዙ ጊዜ ይስማማሉ። ስልክ ደግሞ አየር ማረፊያ ላይ ያለውን ነው የሚነግርህ፤ መነጽር የደጃፍህን።

ችግሩ የክፍሌ ልጅ ነው። የጅማ ልጅ ነው፣ ለምለም አገር ያደገ፣ ግን ኤሲ 20 ላይ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደውም። በሪሞቱ ምክንያት የተጣላነውን ብዛት እግዚአብሔር ይወቀው። እሱ የሚመስለው እኔ ለኤሌክትሪክ ወጪ ወይም ለጉንፋን ፈርቼ ነው። 20 ላይ ካደረ መነጽሬ በጋውን ሙሉ ጉም ይለብሳልና መለኪያዬ ተበላሸ ማለት ነው ብዬ ላስረዳው ሞክሬያለሁ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየኝና፣ “አንተ ግን ደህና ነህ?” አለኝ።

ሌላው የክፍላችን ልጅ ወሎዬ ነው፣ በሞተር ዴሊቨሪ ይሠራል። እኩለ ቀን ላይ፣ ቅጥራኑ እየቀለጠ፣ ሄልሜት አድርጎ የሰው ምሳ ያደርሳል። እዚህ አገር ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 በፈረንጆቹ፣ ፀሐይ ላይ የሚሠራ ሰው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6:30 እስከ 9 ሰዓት ሥራ እንዲያቆም ሕግ አለ። የግንባታ ሠራተኞቹ በዚያ ሰዓት በየጥላው ካርቶን አንጥፈው ተኝተው ታያለህ። እሱ ግን ምሳ ሰዓት ነው ገበያው። እኔ ጠዋት ላብ በላብ ሆኜ ስገባ እሱ ገና ይነሳል፤ “እኔ ተከፍሎኝ የምቃጠለውን አንተ በነፃ ትቃጠላለህ” ይለኛል። መልስ የለኝም። መቶ ቆጥሮ ጫማ ማውለቅ የሁሉም ሰው መብት አይደለም፤ በዚህ ነገር ላይ ስጽፍ ይህ ይከነክነኛል።

ካርጎ ቤቱን ጠዋት የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሚዛኑ የእኔ ነው። ሮጬ በቀጥታ ወደዚያ ሄጄ ሻንጣ በሚመዘንበት ላይ እቆማለሁ። ከመሮጤ በፊት ማታ ላይ ተመዝኛለሁ፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ ስንት እንደምቀንስም አውቀዋለሁ። በጥር ወር ለአንድ ሰዓት ብሮጥ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው የምቀንሰው። አንድ ነሐሴ ላይ፣ ጉሙ ሰባ እስክቆጥር ቆይቶ “ሰባ መቶ አይደለም” ብዬ ለ50 ደቂቃ የሮጥኩ ቀን፣ 1 ኪሎ ከ900 ግራም ጎደልኩ። ሁለት ሊትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። በዚያ ቀን የመጣችው የመጀመሪያ ደንበኛዬ ሻንጣዋ ሁለት ኪሎ ቢያልፍ በነፃ አሳለፍኩላት፤ እኔ ትቼዋለሁ አልኩ በልቤ።

የጎደለውን በአንድ ጊዜ በውኃ መሙላትም አይሆንም። መጀመሪያ ሰሞን ሦስት ጠርሙስ ውኃ በላይ በላዩ ጨልጬ ቀኑን ሙሉ ራሴ ሲዞር ዋለ፤ ጨው ወጥቶ ውኃ ብቻ ሲገባ ደም ይቀጥናል። አሁን ከባቃላው፣ ከሰፈሩ ሱቅ ማለት ነው፣ ላባን የሚሉትን የሚጠጣ እርጎ እገዛለሁ፣ ጨው ጣል አደርግበታለሁ፣ ቀስ እያልኩ እስከ ረፋድ እጠጣዋለሁ። እናቴ እርጎ በጨው ስትጠጣ የምስቅባት ልጅ ነበርኩ።

ትልቁ ወጥመድ ግን ዕረፍት ነው። ሰውነት ሙቀትን ይላመዳል፣ እውነት ነው፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየወጣህ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጅበታል። ደምህ ውስጥ ውኃው ይበዛል፣ ላብህ ቶሎ ይጀምራል፣ ጨዉም ይቀንሳል፤ ሸሚዝ ላይ የሚቀረው ነጭ መስመር ሲሳሳ ታየዋለህ። ግን የተበደርከው ነው፣ ትተኸው ስትሄድ ይመልሱታል። በ2022 ነሐሴን ሙሉ ደብረ ብርሃን ነበርኩ። 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በዝናብ፣ በጭቃ፣ በየቀኑ ሮጥኩ። ሳንባዬ የፈረስ ሆነ። ለመስቀል ሳልቆይ ተመለስኩና በማግሥቱ ማምዛር ላይ እንደ ጀግና ወጣሁ። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የልቤ ምት ሀገር ቤት ዳገት ላይ የማላየውን ቁጥር አሳየኝ። ከፍታው የሰጠኝ ደም አለ፣ ሙቀቱን የሚሸከመው ላብ ግን የለም። በእግሬ እየተራመድኩ ተመለስኩ። ያ ልምድ አንድ ተጨማሪ ሕግ ሰጠኝ፤ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የልቤ ምት ስምንተኛው ላይ የማውቀውን ቁጥር ካሳየ፣ መነጽሩ ምንም ይበል ምን፣ ያበቃል።

ስለ ነፋስም አንድ ነገር ልበል። በባሕር ዳር ስትሮጥ ነፋስ ከፊት ሲመጣ ያማርራል፣ ከኋላ ሲገፋ ያስደስታል። በወበቅ ቀን ግን ገዳዩ የኋላው ነው። በምትሮጥበት ፍጥነት ልክ ከኋላህ ከነፈሰ፣ አንተና አየሩ አብራችሁ ነው የምትሄዱት፤ ቆዳህ ላይ ምንም አይነፍስም፣ ላቡም አይደርቅም። ፌስታል ውስጥ ገብቶ እንደመሮጥ ነው። ስለዚህ ስሄድ በጉልበቴ ሳለሁ ነፋሱን ከኋላ፣ ስመለስ ደክሜ ሳለ ከፊት እንዲሆንልኝ አድርጌ ነው መንገዴን የምመርጠው። ደግሞም ክብ እዞራለሁ እንጂ ርቄ አልሄድም፤ በየዙሩ ያ መስጊድና ያ ውኃ ማቀዝቀዣ አሉ።

ሻማል የሚሉት የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሲነሳ ሌላ ዓለም ነው። ከበረሃ ደረቅ አየር ይዞ ይመጣል፣ አቧራም አብሮ። አንድ ሰኔ ሌሊት ላይ 36 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 25 በመቶ ነበር። ከዚያ የሐምሌ 32 በአራት ዲግሪ ይበልጣል። መነጽሬ ላይ አንዲት ጠብታ የለም። ስምንት ኪሎ ሜትር ሮጬ ሸሚዜ ደረቅ ነበር፣ ጨው ብቻ ቀርቶበት። ጥርሴ መሃል አሸዋ እያኘክሁ ነው የጨረስኩት እንጂ ከሁሉ ያማረው የበጋ ሩጫዬ እሱ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ደረቁንም አልነካውም፤ ላቡ ወዲያው ወዲያው ስለሚደርቅ ምን ያህል ውኃ እንደጎደለህ አታውቅም፣ ሚዛን ላይ ስትወጣ ነው የምትደነግጠው።

አባቴ ስለ አበበ ቢቂላ ሲያወራ ባዶ እግሩን ብቻ አይደለም የሚያነሳው፤ ችቦውን ነው። በ1960 ሮም ላይ፣ በፈረንጆቹ መስከረም 10 ቀን፣ ውድድሩ አመሻሽ ላይ ተጀምሮ በጨለማ ነው ያለቀው፤ ወታደሮች በአፒያ ጎዳና ዳር ችቦ ይዘው ቆመው። ልጅ ሆኜ ለጌጥ ይመስለኝ ነበር። ለምን ማታ ሆነ ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ባለፈው ዓመት በስልክ ብጠይቀው፣ “የሮም ፀሐይ ቀልድ መሰለህ?” አለኝ፣ እዚያ ኖሮ እንደመጣ ሰው።

ትሬድሚል ለምን አትሄድም የሚሉኝ አሉ። እሄዳለሁ፣ ነሐሴን ግማሹን እዚያ ነኝ። ከሰፈራችን ጂም መስኮት ላይ ቆሜ መኪና ማቆሚያ እያየሁ አንድ ሰዓት እረግጣለሁ። እዚያ ዞሬ የምደርስበት መስጊድ የለም፣ ነፋስ የለም፣ ሽማግሌ የለም። ግን ጥር ይመጣል። ጥር ላይ የዱባይ ማራቶን አለ፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በተከታታይ ሦስት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 2008፣ 2009 እና 2010 ያሸነፈበት። ጥር ላይ ጠዋት ሹራብ ያስፈልጋል፣ አበሻው በየመንገዱ ዳር ባንዲራ ይዞ ይወጣል፣ እኔም ከሰዎቹ ኋላ፣ በጣም ኋላ፣ እሮጣለሁ። ነሐሴን የምታገሠው ለዚያች ጠዋት ነው።

ዛሬ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተነሳሁ። በጨለማ ጫማዬን አሰርኩ፣ መነጽሬን ከራስጌዬ አነሳሁ፣ ደረጃውን ወርጄ በሩን ከፈትኩ። ፍጹም ነጭ። የመንገዱ መብራት እንኳ አልታይ አለ። ቆጠርኩ፤ ሃምሳ፣ ሰባ፣ ዘጠና። መቶ ላይ ጥግ ጥጉ ብቻ ነው የጠራው። ሕግ ሕግ ነው ብዬ ተመለስኩ። ጫማዬን ሳወልቅ ነው ዓይኔ ኤሲው ላይ ያረፈው። 20 ይላል።

የጅማው ልጅ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ ያንኮራፋል። የብርድ ልብሱ ደግሞ የእኔ ነው፣ ከደብረ ብርሃን ያመጣሁት። መልሼ ልውጣ ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን መነጽሩ በእጄ ሞቆ መለኪያነቱ አልቋል፣ ወደ 24 እስኪመለስ ብጠብቅም ፀሐይ ትቀድመኛለች። ሪሞቱን ትራሴ ሥር ደበቅኩትና ሻይ ጣድኩ።